ታላቅ ቁጥርን በእርሳስና በወረቀት ስለ መመርመር

በድሬዳዋ ከተማ፣ ማታ ማታ ልጁን ሒሳብ የሚያስጠናው አባት፣ በቀፊራ ገበያ የወሩን ሽያጭ የሚደምረው ነጋዴ፣ ከየቀበሌው የተሰበሰበውን አኃዝ አጠቃሎ ለአለቃው የሚያቀርበው ጸሓፊ፣ ሥራቸው የተለያየ ቢሆንም፣ አምስት ወይም ስድስት አኃዝ የተሰለፈበት ቁጥር በፊታቸው በቀረበ ጊዜ የሚገጥማቸው ጥያቄ አንድ ዐይነት ነው፤ ይህ ቁጥር በትክክል ተጽፏልን? ያለ ቀሪስ በስንት ይካፈላል? በምንም የማይካፈል ከሆነ፣ አለመካፈሉ በምን ይታወቃል? ለዚህ ሁሉ የእጅ ስልክ ማስያ ይበቃል የሚል አይጠፋም፤ ነገር ግን ማስያ የተጠየቀውን ብቻ የሚመልስ ሎሌ ስለ ሆነ፣ ምን መጠየቅ እንዳለበት የማያውቅ ሰው ሰዓት ሙሉ ቁልፍ ሲነካካ ቢቆይ ከጀመረበት ፈቀቅ አይልም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ፣ አንድን ታላቅ ሙሉ ቁጥር ከአጻጻፉ ጀምሮ እስከ መሠረታዊ አካፋዮቹ ድረስ በተራ የሚመረምሩበትን መንገድ፣ እያንዳንዱም እርምጃ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ ከነምክንያቱ ያሳያል። ለምሳሌ የመረጥነው 341,834 ነው፤ ይኸውም በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ነዋሪዎች ቁጥር ሲሆን፣ ከዚሁ ውስጥ 233,224 በከተማ፣ 108,610 በገጠር የተቆጠሩ ናቸው። ከተማይቱ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ሰፋች በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የሚኖር ሁሉ የሚያየው ስለ ሆነ፣ ቁጥሩን የምናነሣው ለዜናነቱ ሳይሆን ለጠባዩ ነው፤ ሕዝብ ይጨምራል፣ የ341,834 ጠባይ ግን ማንም ሳይቆጠር በፊትም ይኸው ነበር።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ አኃዞቹ እርስ በርሳቸው ሳይዛነፉ በዐምድ እንዲቆሙ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ እንዲሁም ከ100 በታች ያሉት 25ቱ ብቸኛ ቁጥሮች የተጻፉበት ቁራጭ ወረቀት። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1ና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ የሌለው ሲሆን፣ እነዚህም 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59፣ 61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89ና 97 ናቸው። በዚህ ዝርዝር ላይ ሁለት ስሕተት ይዘወተራል። አንደኛው 1ን ከብቸኞች መቍጠር ነው፤ በ1 ማባዛት ምንም የማይለውጥ ስለ ሆነ፣ 1 ቢጨመር የመፍታቱ ሥራ ፍጻሜ አይኖረውም። ሁለተኛው መልካቸው ብቸኛ የሚመስሉትን እነ 51፣ 57፣ 87ና 91ን በዝርዝሩ ማግባት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በ3፣ የመጨረሻው በ7 ይካፈላሉ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ቃል ልጨምር። በድሬዳዋ ሐሩር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የረጅም ማካፈል ሥራ መጀመር አይመከርም፤ በምርቃና ሰዓት የተሠራማ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሰዓት ሁሉም ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈል ስለሚመስል፣ በማግስቱ በማለዳ ደግሞ ሊመረመር ይገባዋል።

፩ኛ፤ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምረው በጥንድ ይክፈሉት

ነጠላ ሰረዝ አኃዞችን ሦስት ሦስት አድርጎ መለየት ያስለመደን ቢሆንም፣ ለመጀመሪያው ምርመራ የሚበልጠው የግእዝ አኃዝ የሚከተለው የጥንድ ሥርዓት ነው። 341,834 በግእዝ ሲጻፍ ፴፬፼፲፰፻፴፬ ይሆናል፤ ይኸውም ሠላሳ አራት እልፍ፣ ዐሥራ ስምንት መቶ፣ ሠላሳ አራት ማለት ነው። በደብተርዎ ላይ 34፣ 18፣ 34 ብለው በሦስት ሳጥን ያስቀምጡት።

በሦስት ሦስት ሲከፈል 341ና 834 ሆኖ አንዳች የተለየ ነገር የማይታይበት ይህ ቁጥር፣ በጥንድ ሲከፈል ከግራም ከቀኝም ቢነበብ አንድ ሆኖ ይገኛል። የገጠሩም ቁጥር ፲፼፹፮፻፲፣ ማለት 10፣ 86፣ 10 ስለ ሆነ ይኸው መልክ አለው፤ የከተማው ፳፫፼፴፪፻፳፬ ግን የለውም። ይህ አጋጣሚ እንጂ ምሥጢር አይደለም፣ ስለ አካፋዮቹም ምንም አይነግረንም፤ ቢሆንም ቁጥሩን በቃል ለመያዝ ይረዳልና ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ጥንዶቹን ከግራ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። የአኃዞቹ ብዛት ተጋማሽ በሆነ ጊዜ ስሕተቱ አይታወቅም፤ ጎዶሎ በሆነ ጊዜ ግን፣ ለምሳሌ 34,183 ሲገጥም፣ ትክክለኛው አከፋፈል 3፣ 41፣ 83 ሲሆን ከግራ የጀመረ ሰው 34፣ 18፣ 3 ይጽፍና የሚከተለው ሥራ ሁሉ ይበላሻል። ደግሞም የግእዝ አኃዝ ለባዶ ቦታ ምልክት ስለሌለው፣ ፲፼፲ የሚለውን ወደ ደብተር ሲያዛውሩ 10፣ 00፣ 10 ብለው የመካከሉን ባዶ ጥንድ መጻፍ እንዳይዘነጉ።

፪ኛ፤ ጥንዶቹን ደምረው የቁጥሩን ትክክለኛነት ይፈትኑ

34፣ 18ና 34 ሲደመሩ 86 ይሆናሉ። ይህ ድምር ዋጋ ያለው፣ 100 በ99 ሲካፈል 1 ስለሚቀር፣ 10,000ም እንዲሁ 1 ስለሚቀር፣ የጥንዶቹ ድምር ቁጥሩ ራሱ በ99 ቢካፈል የሚቀረውን ስለሚሰጥ ነው። በአንድ ትንሽ ድምር ስለ 3፣ ስለ 9፣ ስለ 11፣ ስለ 33ና ስለ 99 በአንድነት ይታወቃል፤ 86 በ3ም በ11ም ያለ ቀሪ የማይካፈል ስለ ሆነ፣ 341,834ም ከአምስቱ በአንዱም አይካፈልም።

ጸሓፊውንና ነጋዴውን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ድምርን መፈተኑ ነው። የከተማው ቁጥር ጥንዶች 23፣ 32ና 24 ሲደመሩ 79 ይሆናሉ። የገጠሩ 10፣ 86ና 10 ሲደመሩ 106 ይሆናሉ፤ ድምሩ ከሁለት አኃዝ ስላለፈ እርሱንም በጥንድ ከፍለን 1ና 06ን ብንደምር 7 ይሆናል። 79ና 7 ደግሞ 86 ናቸው፤ ከጠቅላላው ቁጥር ያገኘነውም 86 ነበር። ባይገጥም ኖሮ ከሦስቱ ቁጥሮች በአንዱ ላይ ስሕተት መኖሩ የማያጠራጥር ይሆን ነበር።

ብዙ ሰው ከትምህርት ቤት የሚያስታውሰው አኃዞቹን አንድ በአንድ ደምሮ በ9 መፈተንን ነው። እኔ ይህን ዘዴ አልወደውም፤ ምክንያቱም ቁጥር የሚገለብጥ ሰው አዘውትሮ የሚሠራው ስሕተት ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት አኃዞች ማለዋወጥ ሲሆን፣ የ9ኙ ፈተና የማይዘውም በትክክል ይህንኑ ነው። 341,834ን 314,834 ብሎ የጻፈ ሰው አኃዞቹን ቢደምር በሁለቱም 23 ያገኛል። በጥንድ ቢደምር ግን 31፣ 48ና 34 በድምሩ 113፣ ይኸውም 14 ይሆናሉና ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል።

የጥንዱም ፈተና ቢሆን ጉድለት አለበት፤ ጥንዶቹ እንዳሉ ቦታ ቢለዋወጡ፣ ማለት 18፣ 34፣ 34 ተብሎ ቢጻፍ፣ ድምሩ ያው 86 ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከቀኝ ጀምሮ አንዱን መደመር፣ ቀጣዩን መቀነስ፣ ሦስተኛውን ደግሞ መደመር ነው፤ 34 ሲቀነስ 18 ሲደመር 34፣ 50 ይሆናል፤ የተዛባው ግን 34 ሲቀነስ 34 ሲደመር 18፣ 18 ይሆናል። ይህም ቁጥሩ በ101 ሲካፈል የሚቀረው ነው። ከዜሮ በታች የሆነ መልስ ቢገጥምዎ አይደንግጡ፤ በገጠሩ ቁጥር 10 ሲቀነስ 86 ሲደመር 10፣ ከዜሮ በታች 66 ስለሚሆን 101 ጨምረው 35 ያድርጉት። የከተማው 15 ነው፤ 15ና 35 ሲደመሩ እንደ ገና 50 ይሆናሉ።

በቀሪ አማካይነት ስሕተትን መያዝ የወረቀት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎ፣ በድሬዳዋ ደረቅ ወደብ የሚወርደውን ማናቸውንም ኮንቴይነር ይመልከቱ። አራት ፊደልና ስድስት አኃዝ ከተጻፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ ሰባተኛ አኃዝ ለብቻው ይታያል። ይህ የመጨረሻው አኃዝ የሚገኘው ፊደሎቹ በቁጥር ተተክተው፣ እያንዳንዱ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ በሚታጠፍ ቁጥር ተባዝቶ፣ ድምሩ በ11 ሲካፈል ከሚቀረው ነው፤ መዝጋቢው አንድ አኃዝ ቢስት ቀሪው አልገጥም ስለሚል ስሕተቱ ይታወቅበታል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰውም የቀሪን ዋጋ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ 2018 ላይ 5500 ጨምሮ የሚያገኘውን ዓመተ ዓለም 7518ን በ4 ሲገድፍ 2 ስለሚቀር፣ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ መሆኑን የሚናገረው በዚሁ ቀሪ ነው።

፫ኛ፤ ትንንሾቹን አካፋዮች ያለ ማካፈል ይለዩ

የመጨረሻው አኃዝ 4 ስለ ሆነ ቁጥሩ በ2 ይካፈላል፣ በ5 ግን አይካፈልም። የመጨረሻው ጥንድ 34 በ4 ስለማይካፈል፣ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ሊገመስ አይችልም፤ ስለዚህ 2ን አንድ ጊዜ ብቻ አውጥተን 170,917ን እናገኛለን።

ለ7፣ ለ11ና ለ13 ግን ወደ ነጠላ ሰረዙ እንመለስ። 7 በ11፣ ያም በ13 ሲባዛ 1,001 ስለሚሆን፣ ባለ ሦስት አኃዝ ክፍሎቹን አንዱን ከሌላው መቀነስ የሦስቱንም ፍርድ ይሰጣል፤ 834 ሲቀነስ 341፣ 493 ነው። 493 በ7 ሲካፈል 3፣ በ11 ሲካፈል 9፣ በ13 ሲካፈል 12 ይቀራል፤ እንግዲህ ከሦስቱ አንዱም አካፋይ አይደለም። በ11 የቀረው 9 መሆኑን ቀድሞ ካገኘነው ከ86 ጋር ያመሳክሩ፤ ከ86 ላይ 77 ቢነሣ የሚቀረው ይኸው 9 ነው። ሁለት የተለያዩ መንገዶች በአንድ ቀሪ ከተገናኙ እስካሁን የሠሩት ትክክል ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

እነዚያኑ ክፍሎች በመቀነስ ፈንታ ቢደምሩ ደግሞ፣ 999 የ27ና የ37 ብዜት ስለ ሆነ፣ ስለ 37 ያውቃሉ፤ 341ና 834 በድምሩ 1,175፣ 1ና 175 ሲደመሩ 176፣ 176ም በ37 ሲካፈል 28 ይቀራል፣ አይካፈልም። መቀነሱ ለ7፣ ለ11ና ለ13፣ መደመሩ ለ37 መሆኑን በደብተሩ ራስጌ ይጻፉት፤ የሚቀያይሩት ብዙዎች ናቸውና።

፬ኛ፤ ከመድከም በፊት የድካሙን ወሰን ይወስኑ

ይህን እርምጃ የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በመካከል ተስፋ ቆርጠው ደብተሩን የሚዘጉት። ቁጥር የሚካፈል በሆነ ጊዜ አካፋዮቹ ሁልጊዜ በጥንድ ይመጣሉ፤ አንዱ ትልቅ ከሆነ ጓደኛው ትንሽ ነው፣ ሁለቱም በአንድነት ከወሰን በላይ ሊሆኑ አይችሉም። ወሰኑም በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ የማያልፈው ትልቁ ቁጥር ነው። ለ170,917 ይህን ለማግኘት በግምት ይቅረቡ፤ 400 በራሱ ሲባዛ 160,000 ነው፣ ያንሳል፤ 420 በራሱ ሲባዛ 176,400 ነው፣ ያልፋል፤ 413 በራሱ 170,569፣ 414 በራሱ 171,396። እንግዲህ ወሰኑ 413 ነው። እስከ እርሱ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 80 ሲሆኑ፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13ና 37 ከወዲሁ ስለ ተፈረዱ፣ ቢበዛ የሚቀሩን 73 ናቸው።

ወሰኑን 2ን ካወጡ በኋላ ከተረፈው ላይ እንጂ ከመጀመሪያው ቁጥር ላይ እንዳያሰሉ ይጠንቀቁ፤ ለ341,834 ወሰኑ 584 ስለሚሆን ያለ ፍሬ ይደክማሉ። አካፋይ በተገኘ ቍጥር ወሰኑ እንደ ገና ይወርዳልና፣ በየጊዜው ያድሱት።

፭ኛ፤ ብቸኛ ቁጥሮቹን በተራ ይፈትኑ፣ የቀሩትንም ይመዝግቡ

አሁን ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ደረሰ። ለእያንዳንዱ አካፋይ ከ1 እስከ 9 ያለውን ብዜቱን በጎን ይጻፉና ከትልቁ ቁጥር ላይ እያነሡ ይሂዱ። የተካፋዩ 170,917 ቀሪዎች እነሆ፤ በ17 ሲካፈል 16፣ በ19 12፣ በ23 4፣ በ29 20፣ በ31 14፣ በ41 29፣ በ43 35፣ በ47 25፣ በ53 45፣ በ59 53፣ በ61 56።

ቀጥሎ 67 ይመጣል። የ67 ሦስት እጥፍ 201 መሆኑን ያስተዋለ ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ 201 በ850 ሲባዛ 170,850 ነው፣ ይህ ከ170,917 ላይ ሲነሣ የሚተርፈው 67 ራሱ ነው። ስለዚህ ያለ ቀሪ ተካፈለ፤ ድርሻውም የ850 ሦስት እጥፍና 1፣ ማለት 2,551 ነው።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው እጅ ወደ መጀመሪያው ይመለስና 2,551ን በ3፣ በ7፣ በ11 እያለ እንደ አዲስ መፈተን ይጀምራል። አያስፈልግም። የ2,551 አካፋይ የሆነ ሁሉ የ170,917ም አካፋይ መሆን ስላለበት፣ ከ67 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ ቀድመው ተፈትነው ስለ ወደቁ፣ 67 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 4,489 ሆኖ 2,551ን ስለሚያልፍ፣ 2,551 አንድ ተጨማሪ ማካፈል ሳይሠራበት ብቸኛ ቁጥር መሆኑ ተረጋገጠ። ቀሪዎቹን ይመዝግቡ ያልኩት ስለዚህ ነው። አልካፈል ያለ ቁጥር ሁሉ ስለ በኋላው የሚመሰክር ነው፤ ላጲስ አንሥቶ የወደቁትን ሙከራዎች የሚያጠፋ ተማሪ የራሱን ምስክሮች ከችሎት ያስወጣል።

ሌላው ስሕተት ብቸኛ ባልሆኑት፣ በእነ 21፣ 25፣ 49 መፈተን ነው፤ በ7 ያልተካፈለ በ49 ሊካፈል አይችልም።

እንግዲህ 341,834 ማለት 2 በ67 በ2,551 ተባዝቶ ነው። ማንም በሌላ መንገድ ቢጀምር፣ ከትልቁ ወደ ትንሹም ቢወርድ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ ሌላ ብቸኛ ቁጥር አያገኝም።

፮ኛ፤ ያገኙትን በመግመስና በማጠፍ ያረጋግጡ

ያካፈለ ሰው በዚያው በማካፈል መልሶ ቢያረጋግጥ ያንኑ ስሕተት ይደግመዋልና፣ ማረጋገጫው በሌላ መንገድ ይሁን። በአንዳንድ የሒሳብ መጻሕፍት በኢትዮጵያ ስም የሚጠራው የማባዣ ዘዴ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ማጠፍና መግመስ ከመቻል በቀር ሌላ ዕውቀት አይሻም። በግራ 67ን እየገመሱ፣ የሚተርፈውን ግማሽ እየተዉ ይውረዱ፤ በቀኝ 2,551ን ያጥፉ።

67 — 2,551
33 — 5,102
16 — 10,204
8 — 20,408
4 — 40,816
2 — 81,632
1 — 163,264

በግራ በኩል ተጋማሽ የሆነ ቁጥር ያለበትን መስመር ይሰርዙ፤ የሚቀሩት የ67፣ የ33ና የ1 መስመሮች ናቸው። 2,551፣ 5,102ና 163,264 ሲደመሩ 170,917 ይሆናሉ። ዘዴው የሚሠራው 67 የ64፣ የ2ና የ1 ድምር ስለ ሆነ ነው፤ የተሰረዙት መስመሮች 67ን ለመሥራት የማያስፈልጉት እጥፎች ናቸው። የተለመደው ስሕተት የመጀመሪያውን መስመር ከድምሩ ማስቀረት ነው፤ ግራው ጎዶሎ ከሆነ እርሱም ይደመራል።

፯ኛ፤ አካፋዮቹን ሁሉ ይዘርዝሩ

ሦስቱ ብቸኛ ቁጥሮች አንዳቸው ሲገቡ ሌላቸው ሲቀሩ የሚሰጡት 8 አካፋይ ነው፤ 1፣ 2፣ 67፣ 134፣ 2,551፣ 5,102፣ 170,917ና 341,834። ከዚህ ውጭ የለም። እንግዲህ ይህን ሕዝብ በወረቀት ላይ በእኩል ቡድን ልክፈል የሚል ሰው፣ በ67 ቢከፍል ለእያንዳንዱ 5,102፣ በ134 ቢከፍል 2,551 ሰው ይደርሳል፤ በ10 እኩል ክፈሉ የሚል አለቃ ቢመጣ ግን 4 ሰው ተርፎ እንደሚቆም ከወዲሁ ይንገሩት።

ከራሱ በቀር ያሉትን አካፋዮች ቢደምሯቸው 178,774 ይሆናሉ፤ ከቁጥሩ ያንሳሉና 341,834 በአካፋዮቹ ድምር ጎዶሎ ከሚባሉት ወገን ነው። ፍጹም የሚባሉት እነ 6ና 28 አካፋዮቻቸው ተደምረው ራሳቸውን የሚሰጡ ሲሆኑ፣ እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

፰ኛ፤ ሁለት ቁጥሮች ሲገጥሙዎ ከመፍታት ይልቅ እያቀያየሩ ያካፍሉ

የከተማውንና የገጠሩን ሕዝብ ንጽጽር ወደ ትንሹ ማውረድ የፈለገ ሰው የሁለቱን ትልቁን የጋራ አካፋይ ማግኘት አለበት። ለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች መፍታት ግዴታ አይደለም፤ ትልቁን በትንሹ አካፍሎ፣ ትንሹን በቀሪው፣ ያንን ቀሪ ደግሞ በሚቀጥለው ቀሪ እያካፈሉ መሄድ ይበቃል። 233,224 በ108,610 ሲካፈል 16,004 ይቀራል፤ 108,610 በ16,004 ሲካፈል 12,586፤ ከዚያ 3,418፣ 2,332፣ 1,086፣ 160፣ 126፣ 34፣ 24፣ 10፣ 4፣ 2፣ በመጨረሻም 0። ከ0 በፊት የመጣው የመጨረሻ ቀሪ፣ ማለት 2፣ የጋራው አካፋይ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ 116,612 ለ54,305 ሆኖ ይቆማል፤ ከዚህ በታች አይወርድም። ድርሻዎቹን መጻፍ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ቀሪው ብቻ ነውና፣ ድርሻውን ከቀሪው ጋር አደባልቆ የሚጽፍ ሰው በሦስተኛው መስመር ላይ ይጠፋል።

ለልምምድ የገጠሩን 108,610ን ራስዎ ይፍቱት። 2ና 5 ከመጨረሻው አኃዝ ወዲያው ይወጣሉ፣ 10,861 ይተርፋል፤ 104 በራሱ ሲባዛ 10,816 ስለ ሆነ ወሰኑ 104 ነው፤ በቁራጩ ወረቀት ላይ ካሉት 25ቱ ሌላ 101ንና 103ን ይጨምሩበት። ከ103 በፊት አይቁሙ፤ ከዚያ በፊት ያለ ቀሪ የተካፈለልዎ ቁጥር ካለ ግን፣ የማካፈሉን ሥራ መስመር በመስመር ደግመው ይዩት።